ለስፖርት መኪና ጎማ ሲመረጥ ሊታዩ የሚገባቸው ነጥቦች

አንድ አውቶሞቢል ከመሬት ጋር የሚገናኘው በአራት ቦታዎች ብቻ ሲሆን፣ የእያንዳንዳቸው ስፋት ከሰው መዳፍ እምብዛም አይበልጥም። የሞተሩ ጉልበትም ሆነ የፍሬኑ ጥንካሬ ሥራ ላይ የሚውለው በእነዚሁ ቦታዎች አማካይነት ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በፍሬን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ለፍጥነት በተሠራ መኪና ላይ የጎማ ምርጫ ስሕተት የሚያስከትለው አደጋ የከፋ ነው።

የስፖርት መኪና ባለቤቶች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት በደረቅ አስፋልት ላይ ይበልጥ አጥብቆ የሚይዘው ጎማ የትኛው እንደሆነ ነው። በየዕለቱ በከተማ ጎዳና ለሚነዳ መኪና ግን ቀዳሚው ጥያቄ ጎማው በእርጥብ መንገድ ላይ በምን ያህል ርቀት ያቆማል የሚለው ሊሆን ይገባል። ለውድድር ሜዳ የተሠሩ ጎማዎች ውኃ የሚያስወጡባቸው ቦዮች ጥቂት ናቸው። በደረቅ መንገድ ከሞቁ በኋላ አጥብቀው ይይዛሉ፤ ውኃ በተኛበት አስፋልት ላይ ግን ውኃው ከሥራቸው ስለማይወጣ መኪናው ይንሳፈፋል፣ መሪውም አይታዘዝም። ክረምቱ በሚበረታበት አገር እንዲህ ያለውን ጎማ ለዕለት ጉዞ መግጠም አይመከርም።

የጃፓኑ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ ያቀረበው ጂ ቲ 86 የተሰኘ የስፖርት መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ የተገጠመለት ሚሽሊን ፕራይመሲ ኤች ፒ የተባለ፣ ለተራ የቤት አውቶሞቢል የሚሆን ጎማ ነበር። መሐንዲሶቹ ይህን ያደረጉት መኪናው በመጠነኛ ፍጥነትም ጠባዩን ለአሽከርካሪው እንዲያሳውቅ ፈልገው ነው። የስፖርት መኪና ሁሉ እጅግ የሚይዝ ጎማ ያስፈልገዋል የሚለው አስተሳሰብ፣ በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ከሻጮች የመጣ ነው።

በዚሁ መኪና ጎማ ጎን ላይ በላቲን ፊደል የሚነበበው መግለጫ 215/45 አር 17 87 ደብልዩ የሚል ነው። 215 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 45 ደግሞ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 45 በመቶ፣ ማለትም 97 ሚሊ ሜትር ያህል መሆኑን ያመለክታል። አር ራዲያል ማለት ነው፤ 17 የቸርኬው መጠን በኢንች ነው። 87 አንዱ ጎማ እስከ 545 ኪሎ ግራም እንደሚሸከም፣ ደብልዩ ደግሞ በሰዓት እስከ 270 ኪሎ ሜትር እንደሚችል ይገልጻሉ። ኤች 210፣ ቪ 240፣ ዋይ 300 ኪሎ ሜትር ናቸው። ፊደሉ ጎማው የሚቋቋመውን ፍጥነት እንጂ መንገድ የመያዝ ብቃቱን አይናገርም። የመኪናው አምራች ከወሰነው ያነሰ ጎማ መግጠም ግን አይገባም።

ለመልክ ሲባል ቸርኬውን ወደ 18 ኢንች ማሳደግ የተለመደ ነው። በዚያን ጊዜ የጎኑ ከፍታ ወደ 86 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ጉድጓድ ሲያጋጥም ቸርኬውን ከመጣመም የሚጠብቀው ጎማም በዚያው መጠን ይቀንሳል።

በአውሮፓ ኅብረት ገበያ የሚሸጥ ጎማ በእርጥብ መንገድ የማቆም ብቃቱ የተመለከተበት መለያ አለው። ከግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደረጃው ከኤ እስከ ኢ ሲሆን ኤ የተሻለው ነው። መለያው ካለ ከዋጋው በፊት እርሱን ማየት ይጠቅማል።

ገዢዎች፣ በተለይም ለመሥሪያ ቤት ንብረት የሚረከቡ ሠራተኞች፣ ከሁሉ ይበልጥ ሊጠነቀቁበት የሚገባው ጎማው የተመረተበት ጊዜ ነው። ዶት ከሚለው ምልክት ቀጥሎ ካሉት ፊደላትና ቁጥሮች መጨረሻ ላይ አራት አሃዞች ይገኛሉ። ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። ዓመቱ የሚቆጠረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። 1017 የሚል ጎማ ያየ ሰው በ2017 ዓ.ም. የተመረተ አዲስ ጎማ ሊመስለው ይችላል፤ እውነታው ግን በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ገደማ የተመረተ መሆኑ ነው። በመጋዘን የተቀመጠ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ላስቲኩ ሊደርቅና ሊሰነጠቅ ይችላል። በርካታ የመኪና አምራቾች ጎማ ከስድስት ዓመት በኋላ እንዲቀየር ይመክራሉ፤ አንዳንድ የጎማ አምራቾች የመጨረሻ ገደብ የሚያደርጉት አሥር ዓመትን ነው። ስኮርታም ከዚህ ስሌት ውጭ አይደለም።

በብዙ አገሮች ሕጋዊው ዝቅተኛ የጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ይሁን እንጂ በዝናብ የመያዝ ብቃቱ ከዚያ ቀደም ብሎ ስለሚወርድ፣ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መቀየር የተሻለ ነው። ሁለት ጎማ ብቻ የሚቀየር ከሆነ፣ መኪናው የሚገፋው በፊት እግሩም ቢሆን፣ አዲሶቹ ከኋላ መገጠም አለባቸው። የፊት ጎማ ሲንሸራተት መኪናው ወደ ፊት ይገፋል፣ ነዳጅ በመልቀቅም ሊመለስ ይችላል፤ የኋላው ሲለቅ ግን መኪናው ይዞራል፣ ያንንም ብዙ አሽከርካሪ ሊቆጣጠረው አይችልም።