«ማን ይከፍላል?»፦ በማስታወቂያ ስለሚተዳደር ድረ ገጽ ዕቅድ ታሪካዊ ምልከታ



በማስታወቂያ ገቢ የሚተዳደር ድረ ገጽ የሚያቅድ ሰው ሳያውቀው አሮጌ ውል ይወርሳል። እ.ኤ.አ. በ1833 ቤንጃሚን ዴይ በኒው ዮርክ «ዘ ሰን» የተሰኘውን ጋዜጣ በ1 ሳንቲም መሸጥ ሲጀምር፣ ታላላቆቹ ጋዜጦች 6 ሳንቲም ያስከፍሉ ነበር። ጉድለቱን የሸፈነው ማስታወቂያ ነው። በዚህም አንባቢው ገዢ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ትኩረቱ ራሱ የሚሸጥ ሸቀጥ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1994 «ሆትዋየርድ» የድርጅቶችን ማስታወቂያ በገጾቹ ላይ ሲያወጣ፣ ይኸው ውል ወደ ኢንተርኔት ተሻገረ።

ይበልጥ የሚያስተምረን ግን የጉግል ታሪክ ነው። መሥራቾቹ ሰርጌይ ብሪንና ላሪ ፔጅ እ.ኤ.አ. በ1998 ባቀረቡት ጥናት፣ በማስታወቂያ የሚደጎም የፍለጋ አገልግሎት ወደ አስተዋዋቂው ማድላቱ እንደማይቀር አስጠንቅቀው ነበር። በ2000 ራሳቸው ማስታወቂያ መሸጥ ጀመሩ።

እኔም ከባልደረቦቼ ጋር የታሪክ ድረ ገጽ ሳቅድ፣ ይዘቱን በዝርዝር ነድፌ የገቢውን ምንጭ በመጨረሻዋ መስመር ላይ አኖርሁት። ስሕተቴ ይህ ነበር። ገቢው በጎብኚ ቁጥር ልክ ሲመጣ፣ ረጅሙን ጥናት ትተን አጫጭር ወሬ ማውጣት ያዝን።

ስለዚህ ስታቅዱ «ማን ይከፍላል?» የሚለውን ጥያቄ አስቀድሙ፤ የማስታወቂያውንና የይዘቱን ድንበርም የመጀመሪያው ብር ሳይገባ በጽሑፍ አስፍሩ። ገንዘቡ ከመጣ በኋላ የሚሠመር ድንበር አይጸናም።