በያይነቱ ቅንጦት አይደለም፦ የጾም ገበታ ታሪክና የእኛ ራሽን



ባለፈው የእደላ ቀን ሰልፍ ላይ አንድ ወጣት ከረጢቱን ከፍቶ አየና «አሁንም የአተር ክክ! እኛን እንደ ሰው ይቆጥሩናል?» አለ። አጠገቡ የቆሙ እናት ፈገግ ብለው «ልጄ፣ አተሩ ምን በደለህ? ጥፋቱ ብቻውን መምጣቱ ነው» አሉት። ነገራቸው ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኝ ስለዚሁ ጉዳይ ሳነብ ሰነበትኩ። ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ።

ብዙዎቻችን ሥጋ የሌለበት ገበታ የድሃ ገበታ ነው እየተባልን አድገናል። የአገራችን የምግብ ታሪክ ግን ሌላ ይነግረናል። የኦርቶዶክስ ምእመን የታዘዘውን ሁሉ ከጾመ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይቀምስም። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። የነቢያት፣ የሐዋርያት፣ የፍልሰታና የነነዌ ጾም አለ፤ ከነዚህ በላይ ረቡዕና ዓርብ። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን አገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም የጾሙን ጥብቅነት ጽፎ አልፏል። እንግዲህ አስቡት፤ የዓመቱን ግማሽ ያህል ያለ ቅቤና ያለ ሥጋ ቤተሰብ የምታበላ ሴት፣ በየቀኑ አንድ ዓይነት ወጥ ብታቀርብ ማን ይቀመጥላታል? የጾም ገበታን የሠራው የእነዚያ እናቶች ብልሃት ነው።

ሽምብራን ብቻ እንውሰድ። ሲቆላ ቆሎ፣ ሲቀቀል ንፍሮ፣ ተፈጭቶ በቅመም ሽሮ ይሆናል። ዱቄቱ ተለውሶ ቡጢቻ ይሆናል፤ በዓሣ ቅርጽ ተቆርጦና ተጠብሶ ወጥ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የሽምብራ ዓሣ ነው። ባቄላ ከሱፍና ከሰናፍጭ ጋር እንዲኮመጥጥ ሲተው ስልጆ ይወጣዋል። ምስር አንድ ቀን ቀይ ወጥ፣ ሌላ ቀን አልጫ፣ ሲቀዘቅዝ በሰናፍጭና በቃሪያ አዚፋ ነው። ቅቤ ሲከለከል የኑግ ዘይት ተተካ፤ ወተት ሲከለከል ሱፍ ተወቅጦ ነጭ ጭማቂው ወጣ፤ ተልባ ፍትፍት ሆነ። «በያይነቱ» የሚለው ስም ራሱ ሥራውን ይናገራል።

ደግሞ ከዚህ ገበታ ላይ ስንቱ እንግዳ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጤፍና ኑግ የአገራችን ተወላጆች ናቸው። ምስርና ሽምብራ ግን በጥንት ዘመን ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡ ናቸው። በርበሬ የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው፤ ኮሎምበስ በ1492 ከመሻገሩ በፊት በእኛ በኩል አልነበረም። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የፈለፈሉ ሰዎች በጾማቸው ቀይ ወጥ አያውቁም ማለት ነው። ቲማቲምና ድንችም የመጡት ከዚያው አህጉር ነው፤ ድንች እኛ ዘንድ የደረሰው ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። «የአባቶቻችን ምግብ» የምንለው እንግዳ እየተቀበለ የሰፋ ገበታ ነው። ስለዚህ እዚህ ኬንያ የጎረቤቶቻችንን ሱኩማ ዊኪ በጎመን ቦታ ብናስገባ ባህል አላጠፋንም። ስሙ በስዋሂሊ «ሳምንቱን ግፋ» ማለት ነው፤ ለእኛ ኑሮ የወጣ ስም ይመስላል።

ሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼ «ይሄ የክርስቲያን ጉዳይ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት። በአገራችን ልማድ ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም። ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ ላይ ግን ይህ ክልከላ የለም። ለጎረቤት ለቅሶ ሄደን ከአንድ ትሪ የቆረስነው በእነዚህ ምግቦች ነው።

ታሪኩን ግን አላሳምረው። ሁሉም ቤት በያይነቱ አልነበረም። ብዙ ድሃ ቤት ሁዳዴ ማለት ቂጣ በበርበሬ ነበር። በድርቅ ዘመን ሌላው ሰብል ሲጠፋ ድርቁን የሚችለው ጓያ ብቻውን ይቀራል። ጓያ ከሌላ እህል ጋር በመጠኑ ሲበላ ብዙ ጉዳት ባያደርስም፣ ለወራት እሱ ብቻ ሲበላ እግር ያሽመደምዳል። በጎንደር ደንቢያና በወሎ ደላንታ ስንት ጎበዝ ገበሬ በዚህ ምክንያት በምርኩዝ ቀርቷል። ሰዎቹን የጎዳቸው ሥጋ ማጣት ሳይሆን አማራጭ ማጣት ነው።

ይህ ነገር ስደት ላይም ተከትሎን መጥቷል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ወደ ሱዳንና ወደ ሶማሊያ በተሰደዱ ወገኖቻችን ካምፖች ስከርቪ የሚባል በሽታ ገባ። ድድ ይደማል፣ ጉልበት ያብጣል፣ መራመድ ያቅታል። ምክንያቱ የቫይታሚን ሲ እጦት ነው፤ ራሽኑ ደረቅ እህልና ዘይት ብቻ ስለነበር አረንጓዴ ነገር አልነበረውም። ጥናት ሲደረግ ካምፕ ውስጥ ረጅም ጊዜ የቆየው ሰው የበለጠ ተጎድቶ ተገኘ። በ1990 እ.ኤ.አ. ደግሞ በማላዊ በነበሩ የሞዛምቢክ ስደተኞች ላይ ፔላግራ የሚባል ቆዳ የሚያቆስል በሽታ ወረደ። ወደ 18,000 የሚጠጋ ሰው ታመመ። ከበቆሎው ጋር ይታደል የነበረው ለውዝ ስለተቋረጠ ነው። አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ ነው የቀረው፤ መዘዙ ግን ይህን ያህል ሆነ።

ለዕርዳታ የሚሰላው ምግብ የታወቀ ልክ አለው፦ ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ኪሎ ካሎሪ። እሱም ራሱ ሲሟላ ነው። ሆድ ግን በካሎሪ ብቻ አይኖርም። ያ ወጣት «እንደ ሰው ይቆጥሩናል?» ሲል የጠየቀው ሥጋ አምሮት አይመስለኝም። ምግብ የሚጣፍጠውና ሰው በደስታ የሚበላው ሲለዋወጥ ነው፤ ጤናም የሚገኘው ከዚያው ከመለዋወጡ ነው። ሁለቱ አይነጣጠሉም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከእናቶቻችን ሙያ ሦስት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ በቆልት። ባቄላ ወይም አተር ሌሊቱን ዘፍዝፋችሁ ውሃውን አፍሱና በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት። በየቀኑ በንጹሕ ውሃ እያጠባችሁ ሁለት ሦስት ቀን ቆይታችሁ ሲጎነቁል ቀቅሉት። ደረቅ ጥራጥሬ ውስጥ የሌለው ቫይታሚን ሲ ሲበቅል ይፈጠራል፤ ሐኪሞች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስከርቪን በበቀለ ጥራጥሬ ተከላክለውበታል። እሳት ላይ ብዙ አታቆዩት፣ ቫይታሚኑ ይጠፋል። ክክ ግን አይበቅልም! ስለዚህ በምግብ ኮሚቴ ስብሰባ ስትቀመጡ «ሙሉውን አተር ስጡን» በሉ። ይህ ልመና አይደለም፣ በታሪክ የተደገፈ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛ፣ የእቃ እጣቢውን ውሃ አትድፉት። ሳሙና ያልበዛበት ከሆነ ደጃፍ ላይ አምስት ስር ሱኩማ ያሳድጋል።

ሦስተኛ፣ ተቀናጁ። አንዱ ቤት ምስር፣ አንዱ ጎመን፣ አንዱ ሽሮ ሠርቶ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ትሪ ላይ ብንገናኝ ያው በያይነቱ ነው። አንድ ቤት ብቻውን አይችለውም፤ አራት ቤት ግን ይችለዋል።

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ ፈረንጅ «ቪጋን» ብሎ በሐበሻ ምግብ ቤት የሚጋፋበትን ያንኑ ገበታ ነው የማወራው። ሰው ሲመጣ በርበሬ መላካችሁን እግዜር ይስጥልን፤ ከጎኑ ትንሽ ሰናፍጭ፣ አብሽና ኮረሪማ ጣል አድርጉበት። ክብደቱ ጥቂት ነው፣ ድስቱን ግን ይለውጠዋል።

እኚያን እናት ትናንት አግኝቻቸው ስጽፍ እንደሰነበትኩ ስነግራቸው «ጽሑፉን ተወውና ባቄላ ካገኘህ አምጣልኝ፣ እኔ አበቅለዋለሁ» አሉኝ። ሙሉ ባቄላ ወይም አተር የሚሸጥበት የምታውቁ ካላችሁ ዋጋውን ጨምራችሁ ከታች ጻፉልኝ። የእናታችሁንም የጾም ሙያ አካፍሉን፣ ሰብስቤ ለሁላችን አወጣዋለሁ።

ቸር እንሰንብት።