የሕመም ስምና የሕመም ምክንያት

ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ትንፋሽ የሚያሳጣው የሳንባ ሕመም ቀድሞ «የሃያሊን ሽፋን በሽታ» ይባል ነበር። «ሃያሊን» ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «ብርጭቆ መሰል» ማለት ነው፤ ስያሜውም ከሞት በኋላ በሳንባ ውስጥ ከሚታየው ሽፋን ተወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1959 ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጄሪ ሚድ እውነተኛው መንሥኤ የአየር ከረጢቶችን ከመኰማተር የሚጠብቀው ንጥረ ነገር፣ ማለትም የሰርፋክታንት፣ ማነስ መሆኑን አሳዩ። ስለዚህ ሽፋኑ ውጤት እንጂ ምክንያት አልነበረም።

ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። ከ2016 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. በጎንደር፣ በጅማና በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት፣ ያለ ጊዜያቸው ተወልደው ከሞቱት ሕፃናት ለ45 በመቶው ዋነኛው የሞት ምክንያት ይኸው ሕመም መሆኑን ገልጿል። እንግዲህ በእንጅባራ ወይም በዳንግላ ለወላዲቱ በአማርኛም ሆነ በአውንጊ የሚያስረዳ ተርጓሚ «የብርጭቆ ሽፋን» ቢላት የቀድሞውን ስሕተት ያወርሳታል፤ «የሳንባ አለመዳበር» ቢላት ግን ምክንያቱን ያስረዳታል።