የቴስላ ጀልባ ልጆች

በኤሌክትሪክ የምትሠራ፣ በሬዲዮ የምትታዘዝ ትንሽ የእሽቅድምድም ጀልባ በሐይቅ ላይ ስትከንፍ ያየ ሰው የትናንት ፈጠራ ልትመስለው ትችላለች። የዘር ሐረጓ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይመዘዛል።

እ.ኤ.አ. በ1898 ኒኮላ ቴስላ በኒው ዮርክ ከተማ፣ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በተካሄደው የኤሌክትሪክ ትርኢት ላይ አንዲት የብረት ጀልባ በውኃ ገንዳ ውስጥ አንሳፈፈ። ሽቦ አልታሰረባትም። ቴስላ ከሩቅ ሲያዛት ግን ትሄዳለች፣ ትዞራለች፣ መብራቷን ታበራለች። ከተመልካቾቹ መካከል አስማት ነው ያሉ፣ የሠለጠነ ጦጣ ተደብቆባታል ብለው የጠረጠሩም እንደነበሩ ይነገራል።

ምስጢሩ ከአስማት ይልቅ የሚደንቅ ነበር። በሆዷ ከባትሪውና ከሞተሩ ጋር የብረት ብናኝ የያዘ ትንሽ ዕቃ ተቀምጧል። ብናኙ በወትሮው ኤሌክትሪክ እንደ ልብ አያሳልፍም፤ የሬዲዮ ሞገድ ሲደርሰው ግን ያሳልፋል። ሞገዱ ራሱ ጀልባዋን አይገፋትም፤ በባትሪው ለተከማቸው ኃይል በር ይከፍትለታል እንጂ። ትእዛዙ ሲያልፍ ዕቃው ይገለበጣል፣ ብናኙም ይበተናል፤ ጆሮዋ ለሚቀጥለው ቃል ይዘጋጃል።

በዚያው ዓመት አሜሪካና ስፔን ይዋጉ ነበር። ቴስላም በኖቬምበር 8 ቀን 1898 በተሰጠው ቁጥር 613,809 ፓተንት ላይ የፈጠራው ትልቁ ዋጋ በጦርነት ላይ የሚያመጣው ለውጥ እንደሚሆን ጻፈ። የማጥፋት ኃይሉ ወሰን ስለሌለው በመንግሥታት መካከል ዘላቂ ሰላም ያሰፍናል ብሎ ተስፋ አደረገ። በ2022 በተስፋፋው የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት በጥቁር ባሕር ላይ ፈንጂ ተሸክመው መርከብ የመቱት ሰው አልባ ጀልባዎች ለዚህ ተስፋ የታሪክ መልስ ናቸው። መሣሪያው መጣ፤ ሰላሙ አብሮት አልመጣም።

የራሴን የእሽቅድምድም ጀልባ ስገጣጥም ግን ሌላውን የቴስላ ሐሳብ አገኘሁት። ሞተሯ ብሩሽ የለውም፤ ሦስት ሽቦዎች ይገቡበታል። የፍጥነት መቆጣጠሪያው የባትሪውን ኃይል በየተራ ሲያድላቸው የሚሽከረከር መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል፤ በዘንጉ ላይ ያለው ማግኔትም መስኩን ተከትሎ ይዞራል። በሚሽከረከር መስክ ስለሚሠራ ሞተር ቴስላ ፓተንት ያገኘው በ1888 ነው። በአሥር ዓመት ልዩነት የወጡ ሁለት ሐሳቦቹ እነሆ በአንዲት ክንድ በምታህል ጀልባ ውስጥ ተገናኝተዋል።

ጀልባዋን ማስተካከል ትዕግሥት ይጠይቃል። ባትሪውን ጥቂት ወደ ኋላ ስገፋው አፍንጫዋ ይነሣና ነፋስ ሊገለብጣት ይችላል፤ ወደ ፊት ሳመጣው ውኃው ይይዛትና ትዘገያለች። ፕሮፔለሩ ግማሹ ከውኃ በላይ ሆኖ እንዲዞር ከፍታው በሚሊሜትር ይለካል። ከመሪው በኩል የሚገባው ውኃም በቀጭን ቱቦ አልፎ ሞተሩን ያበርዳል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሁሉ ድካም ሌላውን ጀልባ ለመቅደም ብቻ ነው። ተሸናፊው ጀልባውን ከውኃ አውጥቶ፣ ባትሪውን ሞልቶ፣ ለሚቀጥለው ዙር ይመለሳል። ቴስላ ከፍርሃት የጠበቀውን ሰላም እኔ በመጠኑም ቢሆን ያየሁት በዚህ ጨዋታ ውስጥ ነው።