ባሶ፣ ሊበን፣ ይጁቤ

ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ደጋው ወደ አባይ በረሃ ከመውረዱ በፊት፣ ይጁቤ ትገኛለች። የባሶ ሊበን ወረዳ መቀመጫ ናት። ወረዳው ሁለት ስም አጣምሮ ሲጠራ፣ ጽሕፈት ቤቱ ያለባት ከተማ ሦስተኛ ስም ይዛለች።

ሊበን የኦሮሞ ጎሳ ስም ነው። ዛሬም በምዕራብ ሸዋ ሊበን ጃዊ፣ በምሥራቅ ሸዋ ሊበን ጩቃላ የሚባሉ ወረዳዎች አሉ። አባይን ተሻግረው በደቡብ ጎጃም የሰፈሩት ኦሮሞዎች ከአማራው ጋር ተጋብተውና ተዋልደው በዘመናት ብዛት አማርኛ ተናጋሪ ሆኑ፤ ስሙ ግን ከአገሩ አልወጣም። ባሶም የጎጃም ብቻ አይደለም፤ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለው ወረዳ ባሶና ወራና ይባላል።

ይጁቤን ያገነናት ግን ሹመት ሳይሆን ገበያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጎጃምን የጎበኘው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በይጁቤ የሚቆመውን የባሶን ገበያ መዝግቦታል። ከእናርያና ከከፋ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ እንዲሁም ባሪያ በጉድሩ በኩል፣ የአሰንዳቦን ገበያ አልፎ፣ አባይን ተሻግሮ ባሶ ይደርስ ነበር። ከሰሜን የወረደው አሞሌ ጨው ደግሞ በዚያው መንገድ ወደ ደቡብ ያልፍ ነበር። ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ክረምት ገብቶ አባይ ሲሞላ መንገዱ ይዘጋ፣ ሲራራ ነጋዴም ወንዙ እስኪጎድል ይጠብቅ ነበር።

ይህን ንግድ የያዘ ደቡቡን ይይዛል። በ1874 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ እምባቦ ላይ የተዋጉትም በዋናነት ለዚሁ ነው። ጎጃም ተሸነፈ። የደቡቡ ሸቀጥ ፊቱን ወደ ሸዋ አዞረ፤ አዲስ አበባ ስትቆረቆርና ባቡር ሲገባላት ደግሞ ጭራሽ ተጠቃለለ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ የተዘረጋው የመኪና መንገድም አባይን የሚሻገረው በምሥራቅ፣ በደጀን በኩል ነው፤ ይጁቤን አይነካትም።

ከላይ ያለው አስተዳደር ስሙን ሲለዋውጥ ኖረ፦ ጠቅላይ ግዛት፣ ክፍለ ሀገር፣ በኋላም ዞን። ባሶና ሊበን ግን ሳይፋቁ ቆዩ። የወረዳውን ታሪክ ለመጻፍ የሚነሳ ሰው ከሹማምንት ዝርዝር ሳይሆን ከይጁቤ ገበያ ቢጀምር ይሻለዋል።