መንኰራኵርና ስንቁ በፎገራ ሜዳ

የመኪና ታሪክ ሲጻፍ ልማዱ የመኪናውን መምጣት መተረክ ነው። ማን አመጣው፣ በየትኛው ዓመተ ምሕረት ገባ፣ ሕዝቡስ ባየው ጊዜ ምን አለ የሚሉት ነገሮች ይቀድማሉ። የመኪናው ስንቅ ግን ይረሳል። ፈረስ ገብስና ድርቆሽ እንደሚሻ ሁሉ መኪናም የሚበላውን ይሻል፤ ያ የሚበላው ከየት እንደሚመጣ፣ በማን እጅ እንደሚያልፍ፣ የጠፋም እንደሆነ ማን እንደሚቸገር የሚናገር ጽሑፍ እምብዛም አይገኝም። የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ከኤሌክትሪክ መኪና ጋር ስለ መኖር እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ እንዲህ ዓይነቱን መኪና ይዤ ወረታ ላይ 8 ወር ሆኖኝ ነበር። በእነዚህ ወራት ስለ መኪናው ካወቅሁት ይልቅ ስለ ስንቁ የተማርኩት በዝቶ ስላገኘሁት ጉዳዩን ከዚሁ አንጻር መመልከትን መርጫለሁ።

ወረታ የመንታ መንገድ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ሰሜን 55 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚደርስባት መንገደኛ ከዚያ ወዲያ ሁለት ምርጫ አለው፤ አንደኛው የርብን ወንዝ ተሻግሮ በአዲስ ዘመን በኩል ጎንደር የሚያደርሰው፣ ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ደብረ ታቦርንና ጋይንትን አልፎ ወልድያ የሚወጣው ነው። ከከተማይቱ በስተምዕራብ እስከ ጣና ዳርቻ የተዘረጋው ሜዳ ፎገራ ይባላል፤ ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው የሚተኙበት፣ ቀድሞ በከብቱ ዛሬ ደግሞ በሩዙ የሚታወቅ ጥቁር አፈር ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ጎርፉ ከልክ በላይ ሆኖ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ማፈናቀሉ አይዘነጋም። እንዲህ ባለው ምድር ላይ መንኰራኵር ለመንዳት ማሰብ በራሱ ድፍረት ነው።

በዚህ አካባቢ ከባድ ሸክም በመንኰራኵር ስለ መጓዙ ከሚነገሩት ታሪኮች ስሙ የገነነው የዐፄ ቴዎድሮስ ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ቀልጦ የተሠራው ሴባስቶፖል፣ 70 ኩንታል ያህል እንደሚመዝን የሚነገርለት መድፍ፣ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲወሰድ ጉልበት የሆነው የሰው ክንድ ነበር፤ መንገዱም ከፊት ከፊት እየተቆፈረ ተሠራ። ወራት የፈጀው ያ ጉዞ በተወሳ ቁጥር የሚደነቀው መድፉ ነው፤ ገመድ ይጎትት ለነበረው ሠራዊት በየሰፈሩ እህል ያቀረበው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የመጀመሪያው ስንቅ የወጣው ከገበሬው ጎተራ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

በ1928 ዓ.ም. የመጣው ግን ሌላ ነው። የፋሺስቱ ስታራቼ ፈጣን ጦር በካሚዮን ተጭኖ ከአሥመራ አቅጣጫ በመምጣት መጋቢት 23 ቀን ጎንደር ገባ፤ በተከታዩም ወር ወደ ባሕር ዳርና ወደ ደብረ ታቦር ዘለቀ። ያ ጦር የሚነዳበትን ቤንዚን ከባሕር ማዶ አምጥቶ ነበር። መንኰራኵሩም ስንቁም የውጭ አገር ሆኖ መታየት የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

ከወረታ ወልድያ የሚወስደው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መንገድ የቻይና ርዳታ ውጤት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በተገኘው ብድር የታሰበው ሥራ የተፈጸመው ንጉሡ ከወረዱ በኋላ በደርግ ዘመን ነው። መንገዱን የሠሩት ቻይናውያን ነበሩ፤ ዛሬ በዚያው መንገድ ላይ የምነዳው የኤሌክትሪክ መኪናም የቻይና ሥሪት ነው። በመካከሉ ግማሽ ምእት ዓመት ያህል አለፈ።

መንገዱ ከተሠራ ወዲህ የቀረው ነዳጁ ነበር። ኢትዮጵያ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ በአሰብ ማጣሪያ ትጠቀም ነበር፤ ማጣሪያው ከተዘጋና ከኤርትራ ጋር የነበረው ግንኙነት ከተቋረጠ በኋላ ነዳጃችን በብዛት የሚገባው በጅቡቲ ነው። ነዳጅ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ያልተረዳ ካለ የካቲት 1966 ዓ.ም.ን ያስታውስ፤ የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች በቤንዚን ዋጋ መጨመር ምክንያት ሥራ ባቆሙ ጊዜ ከዚያ የተነሣው ማዕበል ዙፋኑን እስከ መገልበጥ ደርሷል። ከዚያም በኋላ የኩፖን ዘመን መጣ። በዚህ በእኛ ጊዜ ደግሞ ወረታ ላይ የባጃጅ ነጂዎች ቤንዚን ለመቅዳት ከንጋት ጀምረው ተሰልፈው የዋሉበትን ቀን፣ ቤንዚኑም በሃይላንድ ጠርሙስ በመንገድ ዳር በእጥፍ ዋጋ ሲሸጥ በዐይኔ አይቻለሁ። የኤሌክትሪክ መኪና እንድገዛ ካደረጉኝ ምክንያቶች አንደኛው ይኸው ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና አዲስ ነገር አለመሆኑን እዚህ ላይ ማንሣት ያሻል። በምድር ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የተሻገረ የመጀመሪያው መኪና በባትሪ የሚሄድ ነበር፤ የቤልጂጉ ተወላጅ ካሚይ ዤናትዚ በሚያዝያ 1891 ዓ.ም. ነዳው። ይህም ከዓድዋ ድል 3 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያውን መኪና ባዩበት በ1900 ዓ.ም.፣ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወራት በፈጀ ጉዞ አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች የባትሪ መኪናዎች ከቤንዚኖቹ ጋር ይፎካከሩ ነበር። በእጅ መዘውር ከመንቀሳቀስ የሚያድን የኤሌክትሪክ ማስነሻ ከወጣና ቤንዚን ከረከሰ በኋላ ግን የባትሪው መኪና ከገበያ ጠፋ። የሚያስቀው፣ ቤንዚኑን መኪና አሸናፊ ካደረጉት አንዱ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር መሆኑ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ማራቶን ሞተር ኢንጂነሪንግ እዚሁ የተገጣጠመውን ሂዩንዳይ አዮኒክ የኤሌክትሪክ መኪና ለሕዝብ አሳየ። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪናዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝ ታክስና ከሱር ታክስ ነጻ አደረገ፤ ተሠርተው በሚገቡት ላይ የቀረው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ፤ እንዲህ ያለውን እገዳ በማውጣት ኢትዮጵያ ከዓለም የመጀመሪያዋ እንደሆነች የውጭ ጋዜጦች ሁሉ ጻፉ። ሆኖም ትእዛዝ ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ይወጣል፤ ሽቦ ግን ወረታ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል።

ስለ ስንቁ ምንጭ ስንናገር ግን የሚያኮራ ነገር አለን። ርብና ጉማራ ፎገራን አጥለቅልቀው ጣና ይገባሉ። ከጣና በሚወጣው ዓባይ ላይ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው ጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ 11 ሜጋዋት ያህል ነበር፤ በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው፣ 73 ሜጋዋት ያለው ተጨመረ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስ ውሃውን ከሐይቁ በስተምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ ወስዶ 460 ሜጋዋት የሚያመነጭ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ግርማ የቀነሰው በዚህ ሳቢያ መሆኑን ሳልጠቅስ ባልፍ አገሬው ይታዘበኛል። በመጨረሻም መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። እንግዲህ በነሐሴ የገበሬውን ማሳ የሚውጠው ውሃ ከፊሉ ዞሮ መብራት ይሆናል ማለት ነው። ከሴባስቶፖል ወዲህ መንኰራኵር ከዚሁ ምድር በወጣ ስንቅ ሲሄድ ይህ የመጀመሪያው ነው።

የጉዞው ስሌት ለሙያ ባልደረቦቼ ይጠቅማልና ላስቀምጠው። የእኔ መኪና ባትሪ 50 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ በደልዳላ መንገድ ለ100 ኪሎ ሜትር 15 ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ባሕር ዳር ደርሶ መልስ 17 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ወደ ደብረ ታቦር ግን መንገዱ 42 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም ወደ 900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ይወጣል፤ መውጫው 11 ኪሎዋት ሰዓት ሲፈልግ መመለሻው 3 ወይም 4 ይበቃዋል፤ ቁልቁለቱን ሲወርድ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን መልሶ ይሞላልና። በቤንዚን መኪና ያንን ቁልቁለት ስንወርድ የምናተርፈው የፍሬን ሸራ ሽታ ብቻ ነበር።

ከመንዳቱ ይልቅ ብዙ የሚያነጋግረው መሙላቱ ነው። መኪናውን የሸጠልኝ ነጋዴ በግድግዳ ላይ የሚሰቀል የ7 ኪሎዋት መሙያ እንዳስገባ አጥብቆ መክሮኝ ነበር። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ያህል እንደሚወስድ ይታወቃል፤ 7 ኪሎዋት ማለት ሁለት ምጣድ ሌሊቱን ሙሉ ተጥዶ ማደሩ ነው። በእኛ ሰፈር ያለው አንድ ትራንስፎርመር ደግሞ ቤቶቹን ብቻ ሳይሆን የሩዝ መፈልፈያዎችንም ይመግባል። ወፍጮዎቹ በተነሡ ጊዜ አምፖሉ ሲደበዝዝ፣ ማቀዝቀዣው ሲያቃስት ለመስማት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

በጉማራ ድልድይ አጠገብ ቆሜ ሳለ አንድ ሽማግሌ መኪናውን ዞር ዞር ብለው አይተው «ለመሆኑ ይኸ ድምፅ የሌለው ምን ይበላል?» ብለው ጠየቁኝ። «መብራት ነው አያ» አልኳቸው። «መብራትማ እኛስ መች ጠገብነው!» ብለው ሣቁ። በዚያች ሣቅ ውስጥ ያለው ጥያቄ በብዙ የጥናት ጽሑፍ ውስጥ ካየሁት ይበልጥ ከባድ ነው። ሜዳው የሚያመነጨውን ኃይል ሜዳው ራሱ ገና ያልጠገበው ከሆነ፣ አንድ ባለ መኪና ከማዕዱ ድርሻ ሲወስድ በምን ሥርዓት ይውሰድ?

ስለ መብራት መቋረጥ ብዙ ማለት አልፈልግም፤ ሁሉም ያውቀዋል። አንዳንድ ጊዜ ለሰዓታት፣ አንዳንድ ጊዜም ለቀናት ጠፍቶብኛል። ነገር ግን መብራት በጠፋ ጊዜ ጄኔሬተር የሌለው ማደያም ቤንዚን መቅዳት እንደማይችል ነቃፊዎች ይዘነጋሉ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን በተነሣው የትጥቅ ግጭት ምክንያት ደግሞ ባትሪው ሙሉ ሆኖ መንገዱ የተዘጋባቸው ቀናት ነበሩ፤ ለዚህ ምንም ዓይነት ሞተር መፍትሔ የለውም። በክረምት መንገድ ላይ ውሃ ሲተኛ «ኤሌክትሪክና ውሃ» እያለ የሚያስፈራራኝም ብዙ ነው። ባትሪው በታሸገ ሣጥን ውስጥ ያለ በመሆኑ በኩሬ ማለፍ አይጎዳውም፤ የርብ ሙላት ግን ለቤንዚን መኪናም አይመለስምና ማንም ቢሆን ቆሞ መጠበቅ አለበት።

የኃይሉን አወሳሰድ በሚመለከት ከነጋዴው ምክር ይልቅ የሒሳብ ወረቀቴን አምኛለሁ። በተራ ሶኬት 2 ኪሎዋት እየወሰደ ለ8 ሰዓት የሚያድር መኪና 16 ኪሎዋት ሰዓት ያገኛል፤ ይህም ለአንድ የባሕር ዳር ደርሶ መልስ ጥቂት ቢጎድለው ነው። በየቀኑ ባሕር ዳር የማይሄድ ሰው ከዚህ በላይ አያስፈልገውም። ትልልቅ መሙያዎች በአውራ ጎዳና ላይ፣ በራሳቸው ትራንስፎርመር ሊተከሉ ይገባል፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የከፈተው ዓይነት ጣቢያ በወረታ መንታ መንገድ ላይ ቢቆም ለጎንደርም ለወልድያም ተጓዥ ይሆናል። በየግቢው 7 ኪሎዋት መስቀል ግን በዛሬው የሰፈር መስመር ላይ የጎረቤትን ምጣድ ማቀዝቀዝ ነው፤ የማኅበራችን አባላት ለደንበኞቻቸው ምክር ሲሰጡ ይህን ከነቁጥሩ ቢያስረዱ መልካም ይመስለኛል።

በእኔ ሰፈር ከወፍጮ ባለቤቶች ጋር ተነጋግረን መኪናው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ብቻ እንዲሰካ ተስማምተናል። ሩዙ ታጭዶና ተወቅቶ መፈልፈያዎቹ እስከ እኩለ ሌሊት በሚሠሩባቸው ሳምንታት ስምምነቱ ይለወጣል፤ መኪናው ከእሑድ በቀር አይሞላም፤ እኔም ባሕር ዳር የምሄደው እንደ ማንኛውም ሰው በሚኒባስ ነው።