ሙቀትና ጩኸት በአነስተኛው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ታሪክ

አንድ ኮምፒዩተር ከኤሌክትሪክ መስመር የሚቀበለው ኀይል፣ የሚያከናውነው ተግባር የቱንም ያህል የረቀቀ ቢሆን፣ በመጨረሻ የሚለወጠው ወደ ሙቀት ነው። ስልሳ ዋት የሚወስድ መሣሪያ ስልሳ ዋት ሙቀት ወደ ክፍሉ ይለቃል። ይህ ሙቀት መውጫ ካላገኘ የመሣሪያውን ዕድሜ ያሳጥራል፤ በማራገቢያ ተገፍቶ ሲወጣ ደግሞ አጠገቡ የተቀመጠውን ሠራተኛ በጩኸቱ ያውካል። ትልልቆቹ ኮምፒዩተሮች ለብቻቸው በተዘጋጀ ቀዝቃዛ አዳራሽ ይቀመጡ በነበረበት ዘመን ነገሩ የጥቂት ባለሙያዎች ጉዳይ ነበር። ኮምፒዩተሩ ከጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ከወጣ ወዲህ ግን የሁሉም ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1977 በሳን ፍራንሲስኮ ለሕዝብ የቀረበው አፕል 2 ማራገቢያ አልነበረውም። ስቲቭ ጆብስ የማራገቢያን ድምፅ አጥብቆ ይጠላ ስለ ነበር ጸጥ ያለ መሣሪያ እንዲሠራ ፈለገ። መልሱን ያገኘው ሮድ ሆልት የተባለው መሐንዲስ ነው። በዚያን ጊዜ በስፋት ይሠራበት የነበረው የኀይል ማስተካከያ ትርፉን ቮልት ወደ ሙቀት እየለወጠ የሚያባክን ነበር። ሆልት በዚህ ፈንታ በሰኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየበራና እየጠፋ የሚሠራ ማስተካከያ ነደፈ። ዘዴው ቀድሞ የታወቀ ቢሆንም በአነስተኛ ኮምፒዩተር ላይ መዋሉ ብክነቱን እጅግ ቀነሰው። ስለዚህ የአፕል 2 ጸጥታ የተገኘው ማራገቢያውን በማስቀረት ብቻ ሳይሆን፣ አስቀድሞ ሙቀቱን ከምንጩ በመቀነስ ነበር።

ይህ ቅደም ተከተል ሲዘነጋ የሚመጣውን እ.ኤ.አ. በ1980 የቀረበው አፕል 3 አሳየ። ይህ መሣሪያ ማራገቢያም ሆነ የአየር ቀዳዳ ሳይኖረው፣ ሙቀቱን በወፍራም የአሉሚኒየም አካሉ በኩል እንዲያስወጣ ታስቦ ተሠራ። ወዲያው ግን ቺፖቹ ከመሰኪያቸው እየለቀቁ ያስቸግሩ ጀመር። ኩባንያው ለባለንብረቶቹ የሰጠው ምክር፣ መሣሪያውን ከጠረጴዛው ጥቂት ከፍ አድርገው መልሰው እንዲጥሉት ነበር። በመጨረሻም አሥራ አራት ሺህ ያህል መሣሪያዎች በነፃ ተለወጡ። የብዙዎች ፍርድ ጥፋቱን በሙቀቱ ላይ የጣለ ሲሆን፣ የአካሉ ነዳፊ ጄሪ ማኖክ በበኩሉ አካሉ ሙቀቱን በሚገባ እንደሚያስወጣ በሙከራ መረጋገጡን ገልጾ፣ ዋናው ችግር መስመሮቹ እጅግ የተጠጋጉበት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው ሲል ተከራክሯል። የማንኛቸውም ክርክር ቢረታ፣ የአካሉ ቅርጽና ጸጥታው አስቀድመው መወሰናቸው ለመሐንዲሶቹ የማስተካከያ ቦታ አሳጥቷቸው ነበር።

አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1981 የመጀመሪያውን የግል ኮምፒዩተሩን ሲያወጣ ሌላ መንገድ ተከተለ፤ በኀይል ማስተካከያው ሣጥን ውስጥ ማራገቢያ አኖረና ጩኸቱን ተቀበለ። አፕል በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1984 ማኪንቶሽን ያለ ማራገቢያ አወጣ። ውሎ ሳያድር ሌሎች ድርጅቶች ከላይዋ የሚቀመጥ ማራገቢያ እየሠሩ ይሸጡ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ማኪንቶሽ ኤስ.ኢ. ራሱ ማራገቢያ ተገጠመለት።

ትግሉ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የመጀመሪያው ፔንቲየም የሚለቀው ሙቀት ወደ 15 ዋት ገደማ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ፕሬስኮት የተባለው ፔንቲየም 4 ከ100 ዋት አለፈ። ትንንሽ ማራገቢያዎች በከፍተኛ ፍጥነት እየተሽከረከሩ ቢሮውን በጩኸት ሞሉት። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ኢንቴል ቴጃስ የተባለውን ተከታይ ንድፍ ሰረዘ፤ ፍጥነትን ብቻ በማሳደግ መቀጠል እንደማይቻል ሙቀቱ አስገድዶ አሳወቀ። ከዚያ ወዲህ ንድፉ በአንድ ዋት የሚሠራውን ሥራ ወደ ማብዛት አዘነበለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ኤም 1 ቺፕ ያለበት ማክ ሚኒ በሙሉ ኀይሉ ሲሠራ ከ40 ዋት በታች ይወስዳል። ማራገቢያ አለው፤ ነገር ግን በዝግታ ስለሚዞር ድምፁ እምብዛም አይሰማም።

ዝግታው ትልቅ ትርጉም አለው። የአንድ ማራገቢያ ፍጥነት በግማሽ ሲቀነስ የሚያንቀሳቅሰው አየር በግማሽ ያንሳል፤ ድምፁ ግን 15 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። ከዚህም የተነሣ ሰፊና ዘገምተኛ ማራገቢያ ከጠባብና ፈጣን ማራገቢያ ይመረጣል። የሣጥኑ ማነስ ይህን ምርጫ ስለሚያጠብ፣ ትንሽ መሣሪያ ሁልጊዜ ጸጥተኛ ነው ማለት አይደለም።

እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ ለሚሠራ መሐንዲስ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ማራገቢያው በደቂቃ የሚገፋው የአየር ይዘት ባይለወጥም፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል። ስለሆነም በባሕር ዳርቻ ጸጥ ብሎ የተፈተነ መሣሪያ እዚህ በፍጥነት ሊሽከረከርና ሊጮኽ፣ ማራገቢያ የሌለውም ይበልጥ ሊግል ይችላል።

ለመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር የሚመርጥ ባለሙያ ስለዚህ ከፍጥነቱና ከዋጋው ጋር፣ መሣሪያው በሙሉ ሥራ ላይ ስንት ዋት እንደሚወስድ፣ አየሩ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ እስከ ስንት ሜትር ከፍታና እስከ ምን ያህል ሙቀት ድረስ እንዲሠራ እንደተፈቀደለት ከመግለጫው ላይ ማንበብ ይገባዋል። ጸጥታ በትእዛዝ አይገኝም፤ የሚገኘው መጀመሪያ ሙቀቱ ሲቀነስ፣ ቀጥሎም ለቀረው ሙቀት በቂ መውጫ ሲበጅለት ነው።